መልስ፦ ከዒላማው ሥር ስለሚጠራቀመው የእርሳስ ብናኝ

በምድር ቤትዎ በአየር ጠመንጃ ሲለማመዱ ከዒላማው ሥር የሚያገኙትን ግራጫ ብናኝ በመጥረጊያ ቢጠርጉት ጉዳት እንዳለው ጠይቀዋል። አዎን፣ አለው፤ በደረቁ መጥረግም ሆነ በተራ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ መሳብ ደቃቁን እርሳስ ወደ አየር ይመልሰዋል። በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ጨርቁንም በፕላስቲክ ቋጥረው ያስወግዱት።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ ስለሌለው፣ ብናኙ በአብዛኛው የሚመጣው 4.5 ሚሊ ሜትሯ የእርሳስ ጥይት ከብረት ማቆሚያው ጋር ተላትማ ስትፈረካከስ ነው፤ ስለዚህ የብረቱን ፊት ጥይቷን ውጦ በሚያስቀር፣ ሊጥ በሚመስል ወፍራም ማሸጊያ ይሸፍኑት።

እኔ ጥይቶቹን በከንፈሬ ይዤ የማጉረስ መጥፎ ልማድ ነበረኝ፤ እርስዎ አይልመዱት። እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃናትን ስለሚጎዳ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡና ልብስዎን ሳይቀይሩ አይቀፉት።