የትኛው መስመር ላይ ነው ወደ በሩ የዞርሽው?

ውድ የቋንቋ ተማሪዎች፣

ብዙ ዓመት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ፣ ልብ ወለድም ተርጉሜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪዎች ስለ አስፈሪና ስለ ወንጀል ልብ ወለዶች የጻፏቸውን ምላሾች ቁጥራቸውን እስክረሳ ድረስ አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። «ታሪኩ በጣም አስፈሪ ነው። ልብ አንጠልጣይ ነው። ሁሉም ሰው ቢያነበው እመክራለሁ።» የጻፉት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ሲያነቡ አድረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነው ክፍል የሚገቡት። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ሌሊት የለም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ አጭር አስፈሪ ታሪክ ተሰጠንና ምላሻችሁን ጻፉ ተባልን። ያነበብኩት ማታ፣ ብቻዬን ነው። መብራት ሳላጠፋ አደርኩ። ጠዋት የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። «ታሪኩ የልጆች ማስፈራሪያ ነው፤ ለበሰለ አንባቢ አይመጥንም» አልኩ። የተማረ ሰው መምሰል ፈልጌ ነው። መምህራችን ወረቀቱን ነጥብ ሳይሰጡበት መለሱልኝ። ከታች በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ጽፈውበታል፦ «የትኛው መስመር ላይ ነው ወደ በሩ የዞርሽው?»

ክው አልኩ። እንዴት አወቁ? ደግሞም እውነት ነበር፤ ዞሬአለሁ። የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያቺ ጥያቄ ሥራዬን ሁሉ መራችው። ለእናንተም የምሰጣችሁ እሷን ነው። ስታነቡ የተሰማችሁን ነገር እንደ ነውር አትደብቁት። ግን «ተሰማኝ» ብላችሁም አታቁሙ። የትኛው ቃል እንደፈጠረው ፈልጉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሉዊዝ ሮዘንብላት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሟገቱለት ሐሳብ ይኸው ነው። ድርሰት ወረቀት ላይ ብቻ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ጽሑፉና አንባቢው ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ያለ አንባቢው ግማሽ ነው። ያለ ቃላቱ ደግሞ የአንባቢው ስሜት ማስረጃ የለውም።

እንግዲህ «ፈራሁ» ከሚለው ቃል እንጀምር። ተጠራጠሩት። አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ነገሩ ድንገት ከመጣባችሁ ደነገጣችሁ። ገና ያልመጣ ነገር ካስጨነቃችሁ ሰጋችሁ። ደምና የተቆራረጠ ገላ ከተገለጸላችሁ ዘገነናችሁ። ብረት በብረት ሲፋቅ እንደሚሰማው ዓይነት ከሆነ ሰቀጠጣችሁ። ምኑ እንደሆነ ሳታውቁት፣ ለምሳሌ የአንድ ሰው ፈገግታ ከሚገባው በላይ ሲቆይ፣ ቀፈፋችሁ። እነዚህን ሁሉ «ፈራሁ» ብሎ መጠቅለል ቀለማትን ሁሉ «ጥቁር» እንደማለት ነው።

ሰዋስዋቸውንም እዩት። «ፈራሁ»፣ «ሰጋሁ»፣ «ደነገጥኩ» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኛው ነን። «ዘገነነኝ»፣ «ቀፈፈኝ»፣ «ሰቀጠጠኝ» ስንል ግን አድራጊው ነገሩ ነው። እኛ ተደራጊ ሆነናል። ይህ ልዩነት ከንቱ አይደለም። አንዳንድ ደራሲ እናንተው ፍርሃቱን እንድትሠሩት ጥቂት ነገር ብቻ ሰጥቶ ይተዋችኋል። ሌላው እጃችሁን ይዞ ያሳያችኋል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፏ ይህን ነገር በግልጽ ለይታዋለች። አንደኛው ፍርሃት ነፍስን ያሰፋል፤ ሌላው ያኮማትራል፣ ያደርቃል። የሚያሰፋው በደንብ ካልታየና ካልተረጋገጠ ነገር የሚመጣው ነው። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ጭራቁ ወጥቶ የቆመበት ገጽ ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት ካለው ገጽ ያንሳል።

ስለ ቃል ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዝኛ አስፈሪ ታሪክን የሚጠራበት «ሆረር» የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን ነው። ሥሩ የጠጉርን መቆም ይገልጻል። እኛም «ጠጉሬ ቆመ» እንላለን። የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች ከሰው ገላ ላይ አንድ ነገር ለቅመዋል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ፍሮይድም በ1919 እ.ኤ.አ. ስለ መቀፈፍ ሲጽፍ ገና ከመነሻው የገለጠው መዝገበ ቃላት ነው። በጀርመንኛ «ሃይምሊሽ» ማለት የቤት፣ የለመድነው ማለት ነው። ግን የተደበቀ፣ ምስጢር የሆነ ማለትም ይሆናል። ቃሉ ራሱ ዞሮ ተቃራኒውን «ኡንሃይምሊሽ»ን፣ ማለትም የሚቀፈውን፣ ይነካል። ፍሮይድ ከዚህ ተነስቶ የሚቀፈን ጨርሶ የማናውቀው ሳይሆን ድሮ የምናውቀው ነገር ተደብቆ ሲመለስ ነው አለ። በሐሳቡ ተስማሙም አትስማሙም፣ የሄደበትን መንገድ ውደዱት። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሰውን ልጅ ፍርሃት ያጠና ሰው ነው። ይህ የእናንተ ሙያ ነው።

የአስፈሪ ታሪክ ጆሮ በአማርኛ «አለ» ላይ ነው ያለው። ኮሽ አለ። ሲጥ አለ። ጭር አለ። «ኮሽ» ብቻውን ስም አይደለም፣ ግስም አይደለም። ማን እንዳደረገው አይናገርም። ምን እንደሆነ አይናገርም። መሰማቱን ብቻ ይናገራል። ጥሩ ጸሐፊ አንዷን «ኮሽ» ለአሥር ገጽ ያስቀምጣታል። ደካማው በየአንቀጹ ይበትናታል። ስታነቡ ቁጠሯቸው። እውነቴን ነው፣ በእርሳስ ቁጠሯቸው።

በውጭ ቋንቋ ለምታነቡም አንድ ነገር ልበል። በተማርነው ቋንቋ ስናነብ ስሜቱ ትንሽ ራቅ ይላል። የእናታችን ቋንቋ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ የተማርነው ቋንቋ ብዙ ጊዜ ጭንቅላት ላይ ይቆማል። ስለዚህ «አላስፈራኝም» ከማለታችሁ በፊት ታሪኩ ነው ወይስ ርቀቱ ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ በየቃሉ መዝገበ ቃላት አትግለጡ። ፍርሃት የሚሠራው በፍሰት ነው። ገዳዩ ደረጃ እየወጣ እናንተ ቃል ፍለጋ ከሄዳችሁ፣ ስትመለሱ ፍርሃቱ በርዷል። መጀመሪያ የገባችሁን ያህል ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ቃሉን በሁለተኛው ንባብ ፈልጉት። የወንጀል ልብ ወለድ ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ እንደገና ስታነቡት ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

እሱም «ለካ» በምትባል አንዲት ቃል ምክንያት ነው። የአስፈሪ ታሪክ ቃል «ኮሽ» ከሆነች፣ የወንጀል ታሪክ ቃል «ለካ» ናት። «ለካ ሲዋሸን ኖሯል!» ይህችን ቃል በአንድ ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ልመልሳት ብዬ ስንት ጊዜ ታግያለሁ። ውስጧ ሁለት ጊዜ አለ፤ ነገሩ የሆነበትና እኛ የደረስንበት። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ዝቬታን ቶዶሮቭ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ መርማሪ ልብ ወለድ የጻፈው ይህንኑ ነው። በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ የወንጀሉና የምርመራው። የመጀመሪያው ሁለተኛው ሳይጀመር አልቋል። የሌለውን ታሪክ ባለው ታሪክ በኩል ነው የምናየው። «ለካ» የምንለው ሁለቱ የገጠሙ ዕለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥርጣሬ በደንብ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን የለወጠኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ባነበብኩት አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋን ጠረጠርኩ። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሬ እርግጠኛ ነበርኩ። መጽሐፉ ሲያልቅ ምንም አላደረገችም። ተናደድኩ፤ ደራሲው ያታለለኝ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የከሰሳትን ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ። አጣሁት። ደራሲው ስለሷ ያለው «ዝም ብላ ቆመች» ብቻ ነው። ዝምታዋን ጥፋት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ድሃ ስለሆነች፣ ብዙ ስለማትናገር፣ ጥግ ላይ ስለቆመች።

ከዚያ ወዲህ በየምዕራፉ መጨረሻ ኅዳግ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ ማንን ጠረጠርኩ፣ በየትኛው ቃል። ስሳሳት አልሰርዘውም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ከየትኛውም ማጠቃለያ የሚበልጥ ምላሽ ይወጣችኋል። ደራሲውንም በፍትሕ ትዳኙታላችሁ። በ1929 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ ለመርማሪ ታሪክ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። አንዱ፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢው ማሳየት አለበት ይላል። ማስታወሻችሁ ካለ ማን ማንን እንዳታለለ ታውቃላችሁ።

ሬሳውንም አትርሱት። ሰው ነበር። ብዙ የወንጀል ልብ ወለድ ሟቹን እንቆቅልሽ ያደርገውና ያልፈዋል። ስለ ቢላው የተጻፈውን ያህል ስለ ሟቹ ተጽፏል? የሚወደው ነገር ተነግሯል? ያለቀሰለት አለ? አርስቶትል ስለ ትራጀዲ ሲጽፍ ፍርሃትንና ርኅራኄን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። ርኅራኄው የጠፋበት መጽሐፍ ሲያጋጥማችሁ እንደጠፋበት ጻፉ። ይህም ምላሽ ነው፣ እንዲያውም ድፍረት የሚጠይቅ ምላሽ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ተራ ናቸው የሚላችሁ ይመጣል። አንድ መምህር የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ በዚህ ቃል ጥሎታል። ብዙ ጊዜ አሞኛል። ዛሬ የምመልስለት ቀላል ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ አስፈሪ ታሪኮቹን በጻፈበት እጁ በ1841 እ.ኤ.አ. የዘመናዊው መርማሪ ታሪክ መነሻ የሚባለውን ጽፏል። አእምሮ ሲናወጥና አእምሮ ሲያጣራ፣ ሁለቱንም ያሳየን አንድ ሰው ነው። ይህን ተራ ማለት አልችልም።

ቋንቋ የት ድረስ እንደሚደብቅና የት እንደሚያጋልጥ ያስተማረኝም የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ከእንግሊዝኛ ስተረጉመው ለሳምንታት የተያዝኩበት አንድ መጽሐፍ ነበር። ደራሲው ገዳዩ ወንድ ይሁን ሴት እስከ መጨረሻው ደብቆታል። የእንግሊዝኛ ግስ ጾታ ስለሌለው ይቻላል። በአማርኛ ግን «ገባ» ወይም «ገባች» ማለት ግድ ነው። አንዲት «ች» መርማሪው መጽሐፉን ሙሉ የደከመበትን ምስጢር በመጀመሪያው ገጽ ታወጣዋለች። አንቱታን ሞከርኩ። «ገቡ፣ ቢላውን አነሱ» ስል ገዳዩ የተከበረ ሽማግሌ ሆነ። «ተገባ»፣ «ተነሳ» እያልኩም ሞከርኩ፤ ጽሑፉ የፖሊስ ሪፖርት መሰለ። በመጨረሻ ሰውዬውን ትቼ ገላውንና ጥላውን ባለቤት አደረግኋቸው። «እጅ መጋረጃውን ገለጠ።» «ኮቴው ደረጃው ላይ ቆመ።» ሰው የሌለው እጅ። ያን ቀን ቋንቋዬን እንደ አዲስ ወደድኩት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከመካከላችሁ እውነተኛ ግፍ ያየ አለ። ሰው የተገደለበት፣ ራሱ የተደፈረ ወይም የተደበደበ። ለእንዲህ ዓይነት አንባቢ ገጹ ላይ ያለው ደም ልብ ወለድ አይደለም። መጽሐፉን መዝጋት መብታችሁ ነው። ለመምህራችሁ «ይህን ማንበብ አልችልም» በሉ። ምክንያቱን መዘርዘር የለባችሁም። እኔ በማስተማር ዘመኔ ይህን ቶሎ ባለመረዳቴ አንዲት ተማሪዬን ጮክ ብላ እንድታነብ አድርጌአታለሁ። መሃል ላይ ድምፅዋ ቆመ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መምህር የምትሆኑ ልጆች አደራ።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ያን ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና አገኘሁትና እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ደም የፈሰሰበት ገጽ ነበረው። ጩኸት የነበረበት ገጽም ነበረው። እነሱ ላይ አልዞርኩም። የዞርኩት ከሁለቱም በፊት፣ ምንም በማይሆንበት ገጽ ላይ ነው። ሴትዮዋ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። መርፌዋን ታነሳለች። ከዚያ ሁለት ቃል ብቻ፦ «በሩ ተከፈተ።»

መምህሬ ዛሬ የሉም። ቢኖሩ ወረቀቴን መልሼ እሰጣቸው ነበር። እንዲህ ብዬ፦ የዞርኩት «ተ» ላይ ነው። «ከፈተው» ቢል ሰው አለ። «ከፈተችው» ቢል ሴት ናት፣ ምናልባትም ጎረቤት። «ተከፈተ» ግን ንፋስ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ደራሲው አልነገረኝም። ማን እንደከፈተው ለማየት እኔው መዞር ነበረብኝ።