መኪናና ቴክኖሎጂ፦ ጥያቄዎ ይመለሳል

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ስነዳ ኔትወርክ ሲጠፋ የስልኬ ካርታ ነጭ ይሆናል። ለመኪናዬ ለብቻው የጂፒኤስ መሣሪያ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልክዎ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል፣ ያሉበትን ቦታ ለማስላትም 4 ሳተላይት ይበቃዋል። የሚጠፋው የካርታው ሥዕል ነው፤ እሱ የሚመጣው በኔትወርክ ነዋ።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ዋይፋይ ባለበት ጉግል ማፕስን ይክፈቱ። የመገለጫ ሥዕልዎን ነክተው «ኦፍላይን ማፕስ» ውስጥ ይግቡና ካርታው ላይ የሚመጣውን ሳጥን ባሕር ዳርን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ አዘዞንና ጎርጎራን እስኪይዝ አስፍተው ያውርዱ። ጎርጎራ ላይ ብቻ ካጠበቡት መንገዱ መሃል ላይ ይቋረጥብዎታል። የወረደው ካርታ የሚያበቃበት ጊዜ ስላለው አልፎ አልፎ ያድሱት። የመንገድ መጨናነቅ መረጃ ግን ያለ ኔትወርክ አይታይም (ከከተማ ውጭ ከብት እንጂ መኪና አያጨናንቅም)።

ጂፒኤሱን ገና ከተማ ውስጥ ሳሉ ያብሩት። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ቶሎ ያገኛል፤ ከሌለ ግን ከሰማይ እየለቀመ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። መስታወትዎ ብረት ያለበት ጥቁር ላስቲክ ከተለጠፈበት ምልክቱን ያዳክመዋል። ስልኩን ፀሐይ የሚመታው ዳሽቦርድ ላይ አያኑሩት፤ ሲግል ቻርጅ ማድረጉን ያቆማል። የአየር ማስወጫው ላይ የሚሰካ መያዣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬን አቁሜ ሳለ ካርታው ላይ ያለችው ቀስት ለምን ትሽከረከራለች?

መልስ፦ የስልክ መያዣዎ ማግኔት ካለው የስልኩን ኮምፓስ እያወከው ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አቅጣጫው ከጂፒኤስ ስለሚወሰድ ትስተካከላለች።