ሌሊት እምምም የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ስለ እንቅልፍ ማጣት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ሌሊት ስለሚሰማ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ዛሬ እነሱን ብቻ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሩቅ ቦታ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ ይመስል እምምም የሚል ድምፅ ይሰማኛል። መስኮት ስዘጋ ይብሳል። ባለቤቴ ግን "ምንም የለም፣ ተኚ" ይለኛል። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ብለው የጻፉልኝ ብዙ ናቸውና ብቻሽን አይደለሽም። መስኮት ስትዘጊ መባሱ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ግድግዳና መስታወት የሚያስቀሩት ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የውሻውን ጩኸት፣ የመኪናውን ክላክስ። ወፍራሙ ዘልቆ ይገባል፣ የሚሸፍነው ሌላ ድምፅ ስለሌለም ጎልቶ ይሰማል። የ35 ሄርዝ ድምፅ፣ በሰከንድ 35 ጊዜ የሚርገበገብ ማለት ነው፣ አንዱ ሞገድ ብቻ 10 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከመኝታ ቤትሽ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ አንዱ ጥግ ላይ ይጠነክራል፣ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ስትዪ ይደክማል። ዛሬ ማታ ባለቤትሽን ልክ ያንቺ ራስ ባለበት ቦታ አስተኚውና ደግመሽ ጠይቂው።

ከዚያ ብሬከሩን አጥፊ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ከታች ያለውን ጎረቤት ስጠረጥር ከርሜ፣ አንድ ሌሊት መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ስሄድ ስሄድ ኩሽና ደረስኩ። የፍሪጁ ስታቢላይዘር ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። የብረት ሽፋኑን በጣቴ ስነካው ይንዘፈዘፋል። አራት ጣት ያህል ወደፊት ሳብኩት፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አደረግኩ፣ አለቀ። ጎረቤቴን ሳገኘው እስከ ዛሬ ሐፍረት ይሰማኛል።

ድምፁ የራስሽን ብሬከር አጥፍተሽም ካልቆመ፣ የሰፈሩ መብራት የሚጠፋበትን ቀን ጠብቂ። ሻማ ከመፈለግሽ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብለሽ አዳምጪ። አብሮ ከጠፋ የሕንፃው የውሃ ፓምፕ ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ የትራንስፎርመሩ ብረት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚሳሳብ በ100 ሄርዝ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ድምፁ ከጀመረ ግን ጀነሬተር ነው። በባትሪ የሚሠራ ዩፒኤስ ካለሽ እሱንም ማጥፋት እንዳትረሺ፣ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነን፣ ማናሳስ አጠገብ። ልጆቹን ካስተኛን በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ ኡኡኡ የሚል ነገር አለ። የቤቱን ኤሌክትሪክ በሙሉ አጥፍተን ሞክረናል።

መልስ፦ ዙሪያችሁን እዩ። ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር፣ ማለትም ኮምፒውተር የታጨቀባቸው ግዙፍ ሕንፃዎች፣ ክምችት ያለበት ቦታ ነው፤ በእናንተው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችም በማቀዝቀዣዎቹ ድምፅ በአደባባይ አቤት ብለዋል። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፣ አንዱ ያበረታችኋል፣ ሌላው ያስጠነቅቃችኋል።

ካናዳ ዊንዘር ውስጥ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሌሊት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ እንሰማለን አሉ። በ2014 የወጣው የዩኒቨርሲቲ ጥናት 35 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ እንዳለ አረጋገጠ፣ ጣቱንም ከወንዙ ማዶ፣ ሚሺጋን ወዳለችው የዘግ ደሴት የብረት ፋብሪካ ቀሰረ። በኤፕሪል 2020 የማቅለጫ ምድጃዎቹ ሲቆሙ ድምፁም ቆመ። ኢንዲያና ያለችው ኮኮሞ ከተማ ደግሞ ባለሙያ ቀጥራ ሁለት ምንጭ አገኘች፤ በ36 ሄርዝ የሚያጉረመርም የማቀዝቀዣ ማራገቢያና 10 ሄርዝ የሚያወጣ የአየር መጭመቂያ። ሁለቱም ድምፃቸው እንዲቀንስ ተደረገ። ግን አንዳንዱ ነዋሪ "አሁንም እሰማለሁ" አለ። ስለዚህ አንድ ማሽን ስታገኙ ፍለጋው አለቀ አትበሉ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የ5ጂ አንቴና ተተክሏል። ሰው ሁሉ ድምፁ የእሱ ነው ይላል።

መልስ፦ የአንቴናው ሬዲዮ ሞገድ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ አይደለም። ከሥሩ ያለው ማራገቢያና ጀነሬተር ግን ድምፅ አለው፣ ቀርበህ አዳምጥ። ካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ ውስጥ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ነገር ጠርጥረው፣ ያስቸገራቸው ሴቷን የሚጠራ ወንድ ዓሣ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሚድሺፕማን ይባላል። ኒው ሜክሲኮ ታኦስ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ጠይቀው የሳይንቲስቶች ቡድን ተላከ። ከተጠየቀው ነዋሪ 2 በመቶ ያህሉ እሰማለሁ አለ፣ መሣሪያው ግን ከሚሰሙት ጋር የሚገጥም ድምፅ አልያዘም። ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል፤ ሳይንቲስቱ ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 በማይክሮፎን ለክቶ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ከፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ መሬቱ የሚያጉረመርም ይመስለኛል።

መልስ፦ መንቀጥቀጥ ሲኖር ለአፍታ መጉረምረም ይሰማል፣ እውነት ነው። በየሌሊቱ ለሰዓታት የሚቆየው ግን ሌላ ነው። ኅዳር 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ማዮት ደሴት አጠገብ ካለ የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ የተነሳ እንግዳ ሞገድ ከ20 ደቂቃ በላይ ዓለምን ሲዞር የኢትዮጵያ መሣሪያዎችም መዝግበውታል። ያወቀው መሣሪያ እንጂ ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ገጠር ለለቅሶ ሄጄ፣ መብራት በሌለበት ቤትም ሰማሁት። በስልክ ቀዳሁት፣ ምንም የለም።

መልስ፦ የስልክ ማይክሮፎን ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው፣ ባዶ ቅጂ ምንም አያረጋግጥም። ተከትሎህ ገጠር ድረስ መምጣቱ ግን ይነግረናል። ምንጩ ምናልባት ጆሮህ ነው፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድ። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ቱክ ቱክ ካለ፣ ወይም መስማት ከቀነሰና ካዞረህ ቀጠሮህን አታዘግይ። ስትሄድ የጀመረበትን ቀን፣ የሚሰማህን ሰዓትና የትኛው ጆሮ እንደሆነ በወረቀት ጽፈህ ያዝ። የምትወስደውን መድኃኒትም ጨምርበት፣ አንዳንዱ ጆሮ ያስጮሃልና።