መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለሽ አትንኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «የአባቴ የድሮ ፎቶዎች አሉኝ፣ ፎቶ ማንሳትም እወዳለሁ፣ ካሜራ ገዝቼ ሥራ ብጀምርበት ያዋጣል ወይ?» ነው ያልሽው። ካሜራውን ለጊዜው ተይው። እኔም ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፤ የቤታችሁን ግድግዳ ሳላየው አውቀዋለሁ።

1. ፍሬም ውስጥ ያለውን ፎቶ ከመስታወቱ ለማላቀቅ እንዳትሞክሪ። ጣና ዳር ክረምት ሲገባ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። የድሮ ፎቶ ምስሉ ያለው ከወረቀቱ በላይ ባለች ስስ የጄላቲን ሽፋን ውስጥ ነው። እርጥበት ሲያገኛት ታብጥና መስታወቱን እንደ ሙጫ ትይዘዋለች።

ይህን ያወቅኩት ካበላሸሁ በኋላ ነው። የዘጌዋ አያቴ በሕይወቷ የተነሳችው አንድ ፎቶ ነው። አንድ! ኮፒ ላስደርግ ብዬ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከፍሬሙ አውጥተህ አምጣ» አለኝ። ከነመስታወቱ ማንሳት እንደሚቻል ያውቃል እኮ፣ ሰንፎ ነው። ቤት ገብቼ በቢላ ጫፍ ጀመርኩ። ቀሚሷና እጇ ደህና ወጡ። ፊቷ ጋ ስደርስ ተላጠ። ወረቀቱ ነጭ ሆነ፣ ፊቷ መስታወቱ ላይ ቀረ። እናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

2. ታዲያ እንዴት ይነሳል? ሳይነካ። ፍላሹን አጥፊ፣ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይምጣ፣ ስልኩን ሳታዘነብዪ ያዢ። የሚያስቸግረው መስታወቱ ላይ የራስሽ መልክ መታየቱ ነው። ጥቁር ጨርቅ መሃሉን ቅደጂና በቀዳዳው ሌንሱን ብቻ አውጪ። የእኔ ጨርቅ እናቴ ለአባቴ ሐዘን የለበሰችው ጥቁር ነጠላ ነው። ራሷ በመቀስ ቀደደችልኝ። ይቅር እንዳለችኝ ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ያነሳሁበትም ያንኑ መስታወት ነው፤ ከኋላው ነጭ ወረቀት ሳደርግ የአያቴ ፊት ደብዘዝ ብሎ ታየ።

3. ስም። መስታወት ላይ ካልተጣበቀ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ ጻፊ፣ በስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ ሊሰርግ ይችላል። ትልልቆቹን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ድምፃቸውንም ቅጂ። አንዲት የሰፈራችን እናት ታንኳ ላይ የቆመ ወጣት አሳይተውኝ ስለ እሱ ሲያወሩ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። «ባሌ ሳይሆን በፊት ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጎረቤታቸው ጠራኝ፣ ከዚያ ሌላው። አሁን ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በጀልባ ዘጌ ድረስ እሄዳለሁ። አራተኛም ነበረኝ... አዎ፣ ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ እንጀራዬ ሰርግ ነው። የድሮ ፎቶ የሚከፍለኝ ለትራንስፖርት ነው፣ አንዳንዴም በቡና። ግን ሰርግ አንስቼ ስገባ የሚደክመኝን ያህል እዚህ ደክሞኝ አያውቅም። የአባትሽ ፎቶዎች ስንቱ መስታወት ላይ ነው ያለው? ቁጠሪና ጻፊልኝ።