የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ በገመድ ይጎተታል ወይ?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቆመብህን የኤሌክትሪክ መኪና ማርሹን ፎሌ (ኒውትራል) አድርገህ፣ በአይሱዙ አስጎትተህ ደሴ ለማድረስ አስበሃል። እባክህን አታድርገው!

የቤንዚን መኪና ፎሌ ሲሆን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ሞተሩ ከጎማው አይለይም፤ ፎሌ ማለት ኃይል ወደ ሞተሩ እንዳይሄድ ማቋረጥ ብቻ ነው። ጎማው በተጎተተ ቁጥር ሞተሩ አብሮ ይዞራል፤ ቋሚ ማግኔት ያለው ከሆነ ደግሞ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ ኃይል ኢንቨርተሩን፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ የሚለውጠውን ክፍል፣ ሊያቃጥለው ይችላል። ማቀዝቀዣው ሳይሠራ የሚፈጠረው ሙቀትም ሌላ ጣጣ ነው።

መንገዱ ደግሞ ሐረጎ ነው! በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት፣ በጭነት መኪኖች መካከል፣ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በገመድ ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ለእኔ ከሰው ሕይወት ጋር መጫወት ነው። ገመዱ ቢበጠስ ከኋላ የሚመጣው ምን ያደርጋል?

አራቱም ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው በጭነት መኪና ላይ ይጫን። ኃይሉ በፊት ጎማ ብቻ የሆነ መኪና ፊቱ ተነሥቶ ሊጎተት ይችላል፤ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያለው ግን በአብዛኛው በኋላ ጎማ የሚነዳ ስለሆነ ይህ አይሠራለትም።

ከሁሉ በፊት ግን ባለ 12 ቮልቱን ትንሽ ባትሪ አስለካ። እርሱ ከሞተ ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም፣ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑም አይለቅም። ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ ጫኝ መኪና መፈለግም አያስፈልግህም።