ፎቶዎቹ አልጠፉም፤ መዝገቡ ነው አድራሻቸውን ያጣው

ከኮምቦልቻ የጠየቁን አባል፣ ላይትሩም ክላሲክ የተባለውን የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም መለማመድ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ሃርድ ዲስክዎን ሲያስተካክሉ ፎልደሮቹን እንዳዛወሩ፣ በማግስቱም በሠርግ ፎቶዎችዎ ላይ ሁሉ የቃለ አጋኖ ምልክት እንደወጣ ገልጸው «ትቼው ወደ ድሮው አሠራሬ ልመለስ ወይ?» ብለዋል። እዚህ ደሴ በምትገኘው ትንሽ ፎቶ ቤቴ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ፣ አይመለሱ እላለሁ።

ብዙዎቻችን የምንማረረው ፎቶው ፕሮግራሙ ውስጥ የሚቀመጥ ስለሚመስለን ነው። ካታሎግ የሚባለው ፋይል ግን እንደ መዝገብ ቤት መዝገብ ነው፤ የፎቶው አድራሻ፣ የሰጡት ኮከብ፣ ቁልፍ ቃሉ፣ ያስተካከሉት ብርሃንና ቀለም ይጻፍበታል እንጂ ፎቶው ራሱ አይገባበትም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሳያውቅ ዶሴው ወደ ሌላ መደርደሪያ ቢዛወር መዝገቡ የድሮውን ቦታ መጥራቱ አይቀርም። ፒካሳን የለመድን ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ተቸግረናል፤ ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ድጋፉን ያቆመለት ያ ፕሮግራም የሚከታተላቸውን ፎልደሮች ራሱ እየፈተሸ ለውጡን ይቀበል ነበርና።

የእኔ ጥፋት ከእርስዎ ይብሳል። ኮምፒውተሬ ውጫዊውን ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ «ኢ» በሚለው ፊደል ነበር የሚያውቀው፤ አንድ ቀን ፍላሽ ቀድሞ ተሰክቶ ስለነበር «ኤፍ» አለው፤ መዝገቡም «ኢ» ላይ ሲፈልግ ምንም አላገኘም። ሐይቅ ዳር ያነሳኋቸው ሙሽሮች ጭምር የጠፉ መስሎኝ ደንግጬ «ሪሙቭ» የሚለውን ስጫን፣ አርባ በሚሆኑ ፎቶዎች ላይ የደከምኩበት ማስተካከያ ሁሉ ከመዝገቡ ተሰረዘ። ፎቶዎቹ ግን ዲስኩ ላይ እንዳሉ ነበሩ።

ስለዚህ አሁን ምንም አይሰርዙ። በግራ በኩል ከተዘረዘሩት ፎልደሮች የጥያቄ ምልክት ያለበትን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» የሚለውን ይምረጡና አዲሱን ቦታ ያሳዩት፤ የውስጥ አደረጃጀቱን ካልነኩት ከላይኛው ፎልደር ቢጀምሩ የውስጦቹም አብረው ይመለሳሉ። ከእንግዲህ ማዛወር ካስፈለገዎ በፕሮግራሙ ውስጥ ሆነው ያዛውሩ። ለሃርድ ዲስኩም በዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ቋሚ ፊደል ይስጡት። ላይትሩምን ሲዘጉት ባክአፕ ላድርግ ብሎ ሲጠይቅዎም እሺ ይበሉት፤ መብራት እንደ ልቡ በሚሄድበት አካባቢያችን ተከፍቶ ሳለ የሚቋረጥ ካታሎግ ሊበላሽ ይችላል። ሆኖም የሚገለበጠው መዝገቡ ብቻ ስለሆነ ፎቶዎቹን ለብቻቸው በሌላ ዲስክ መገልበጥ የእርስዎ ሥራ ነው። የላይትሩም ወርሃዊ ክፍያ ካስቸገረዎ ዲጂካም የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ እሱም ቢሆን መዝገብ አለው።

ማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ደግሞ የቀን አቆጣጠራችንን ጉዳይ ነው። ጥር 2016 የሚውለው ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ስለሆነ የአንድ ወር ሠርጎቻችንን ፕሮግራሙ ለሁለት ይከፍላቸዋል። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ የጥር 12ን ሠርግ «2016-05-12» ብዬ ሰይሜው ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሳየው የሜይ 2016 ሥራ መሰለኝ። አሁን ፎልደሩን በፈረንጆቹ ቀን እሰይማለሁ፤ የእኛን ቀን የወሩን ስም በፊደል ጽፌ በቁልፍ ቃል አስገባለሁ።

የካሜራውንም ሰዓት ይመልከቱ። ረዳቴ በእኛ ሰዓት፣ እኔ በፈረንጆቹ ሞልተን በወጣንበት ሠርግ ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን በየሰዓታቸው ሲደረድር ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ኬክ ቆርሳ ተገኘች። ረዳቴ ያነሳቸውን ብቻ መርጬ «ኤዲት ካፕቸር ታይም» በሚለው 6 ሰዓት ወደፊት ስገፋቸው ኬኩ ወደ ቦታው ተመለሰ።