የድሮ ሆስፒታልን በጠባብ በጀት ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ 24 አልጋ ያለው የተኝቶ ማከሚያ ክፍል ልናድስ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከጣሪያና ከአሸንዳ። ቀጥሎ ውኃና ፍሳሽ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፤ ሴራሚክና ቀለም መጨረሻ ላይ። ጣሪያው እያፈሰሰ የተቀባ ግድግዳ አንድ ክረምት አይሻገርም። ቢኦኪው (የሥራው ዝርዝር፣ መጠንና ዋጋ የሚሰፍርበት ሰነድ) ከመዘጋጀቱ በፊት ኮርኒሱን በዝናብ ቀን ከፍታችሁ እዩ፤ ማንሆሎቹንም አስከፍቱ። የተደበቀው ሳይታይ ውል ከተፈረመ በጀቱን የሚበላው ተጨማሪ ሥራ ነው። እኔ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ እንዲያዝ እመክራለሁ። ክዳኑ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የክዳን ዓይነት) ከሆነ አይቆረጥ፣ አይሰበር፤ ውኃ እየተረጨ ሙሉውን ይነሳ።

ጥያቄ፦ የብረት መስኮቶቹን በተንሸራታች አሉሚኒየም ብንቀይርስ?

መልስ፦ እባካችሁ ተዉት! ተንሸራታች መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ የብረቱ ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2009 መመሪያ በመስኮት አየር ለሚያገኝ የተኝቶ ማከሚያ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ይላል። ለ24 አልጋ 1,440 ሊትር ማለት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 0.65 × የነፋስ ፍጥነት × ፊት ለፊት ከሚተያዩት መስኮቶች የትንሹ ወገን ክፍት ስፋት በካሬ ሜትር × 1,000። ነፋሱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከሆነ ፊት ለፊት በተያዩት ሁለቱም ግድግዳዎች ላይ 4.5 ካሬ ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ያስፈልጋችኋል። መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ደግሞ ለአንድ ሰው 160 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ዝገቱን አስፍቁ፣ ፀረ ዝገት አስቀቡ፣ ማጠፊያውንና የተሰበረውን መስታወት ቀይሩ። የተረፈውን ብር ለውኃው አውሉት።

ጥያቄ፦ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃናል?

መልስ፦ ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው። በ60 ብናሰላ 1,440፣ ለሁለት ቀን 2,880፤ ባለ 3,000ው ይበቃል። ማዋለጃ ወይም ኦፕራሲዮን ክፍል ካለ ለእያንዳንዱ ወሊድ ወይም ኦፕራሲዮን 100 ሊትር ጨምሩ። ሮቶው ሲሞላ 3 ቶን ስለሚመዝን ብሎኬት ግድግዳ ላይ አይቀመጥም፤ ራሱን የቻለ ማቆሚያ ይሠራለት። 5 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግማሽ ባር ግፊት ብቻ ስለሆነ ቧንቧውን አታጥብቡት።

ጥያቄ፦ ታካሚ ማስወጣት ባንችልስ?

መልስ፦ ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ በየተራ አድሱ። መለያው ወፍራም ፕላስቲክ ከወለል ተነስቶ ክዳኑ ድረስ ይድረስ። ኮርኒሱ ላይ ከቆመ አቧራው ከላይ ዞሮ ይገባል፤ ከአቧራው ጋር የሚመጣው የሻጋታ ዘር አቅመ ደካማ ታካሚን ሳንባ ያሳምማል። ፍርስራሹ ረጥቦ፣ በሌላ በር ይውጣ።